ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠችው ሴት

የዘሃራን መሞት የነገረችኝ ልጇ ሰዓዳ ናት። ስልኩ ሲጠራ ጣራ ላይ ነበርኩ። በዚህ ዕድሜህ ጣራ ላይ ምን ትሠራለህ የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው፤ በላሊበላ ከተማ የውሃ ታንከር ጣራ ላይ ሰቅሎ፣ ነፋስ እንዳይነቀንቀው አድርጎ የሚያስር ሰው እስካሁን አልተተካልኝም። ሰዓዳ «አባባ ሞላ፣ እማ ሄደች» አለችኝ።

«የት ሄደች?» አልኳት።

ለቅሶዋን ስሰማ ገባኝ። መፍቻው ከእጄ አምልጦ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ስንት ዘመን ስሠራ መፍቻ ከእጄ አምልጦ አያውቅም።

ከጣራው ወርጄ በቀጥታ ወደ ወንድሜ ወደ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ታደሰ ግንበኛ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ብዙ ያንሳል፣ በንግግርማ ጭራሽ አይደርስብኝም። ነገሩን ስነግረው ሊጠርበው የያዘውን ድንጋይ ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና «ነገ ወደ አገሯ፣ ወደ ሐይቅ እንሄዳለን» አለ።

ሞላ ሰው አያመሰግንም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አላበዛም። ያለ አስተማሪ ያደገ ሰው የሚያመሰግነው ያጥረዋል። ፊደል የለየሁት በሲሚንቶ ከረጢትና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ኤሌክትሪኩ ራሱ እየነዘረኝ ነው። እንግሊዝኛውንና ጣሊያንኛውን ከቱሪስት አፍ ለቅሜ ይዤ፣ አስጎብኚዎቹ ሲሳሳቱ ከመሰላል ላይ ሆኜ አርማቸዋለሁ። ከተማው «ኢንጂነር» የሚለኝ በቀልድ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ቧንቧቸው ሲፈነዳ ግን ቀልዱን ትተው ነው የሚመጡት። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ሌላ ሰው ሊጽፍ ሲቀመጥ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ።

ዘሃራ ወደ ላሊበላ የመጣችው እኔ ጥገናውን በምመራበት ሆቴል የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ሆና ነው። የሐይቅ ሰው ናት። ከዚያ በፊት ቆላ ወርዳ በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ በነርስነት፣ ኋላም በሠራተኞች ደኅንነት ተቆጣጣሪነት ሠርታለች። ወፍራም ነበረች፤ ስትስቅ ከአፏ በፊት ትከሻዋ ይስቃል። ድምጿ ከምግብ ቤቱ እስከ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ይሰማል። ከሠራተኛው መካከል ሙስሊም እሷ ብቻ ነበረች፤ ጾማችንን ግን ከኛ በላይ ትጠብቅልን ነበር። «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የሠራተኛ ወጥ ላይ ቅቤ ያየሁ እንደሆነ ለቄሱ ነው የምናገረው!» እያለች ወጥ ቤቱን ታስፈራራለች። ወጥ ቤቶቹም ይፈሯታል፤ ቄሱን ከሚፈሩት በላይ።

የመጣች ቀን ቢሮዋን እንኳ ሳታይ ግቢውን ዞራ ቀዳዳ ቀዳዳውን ነው ያየችው። የውሃ ጉድጓዱን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹን፣ የልብስ ማጠቢያውን መስኮት ካየች በኋላ ጄኔሬተር ቤቱ በር ላይ ደርሳ ቆመች።

«ይህን ቤት ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። ግንቡ ወፍራም ነው፤ በሩ ዙሪያውን በጎማ የተያዘ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ እንግዶቹ በአልጋቸው ላይ ሆነው ምንም አይሰሙም። ከአዲስ አበባ መሐንዲስ ቢመጣ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

«ግሩም ነው፣ አያ ሞላ። ድምፁ እንዳይወጣ አድርገው ሠርተውታል። ጭሱስ?»

«ማርሚታው በቱቦ ወደ ውጭ ይተፋዋል።»

«ይቺስ የማን ናት?» አለችና ጥግ ላይ ወደተጠቀለለች ፍራሽ ጠቆመች።

የጥበቃው የመልኬ ፍራሽ ነበረች። የኅዳርን ውርጭ እዚህ ሆኖ ያየ ሰው በመልኬ አይፈርድም፤ ጄኔሬተሩ ያንን ክፍል እንደ ምድጃ ያሞቀዋል። ዘሃራ አስጠራችውና «ጠዋት ስትነሣ ራስህን አያምህም?» አለችው። መልኬ ጠንቋይ ያገኘው መስሎት ደነገጠ። ለካስ ራሱን ሲያመው ከርሟል። ጓደኞቹ «ጠላውን ቀንስ!» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱ ደግሞ ጠላ በአፉ አይዞርም። ሚስቱ ጠበል ልትወስደው ቀን ቆርጣ ነበር።

«ጠበሉን ሂድ፣ ጠበል ክፉ አይደለም» አለችው ዘሃራ፤ «ፍራሽህን ግን መጀመሪያ አውጣ።»

ከዚያ ቱቦው ከማርሚታው የሚጋጠምበትን አሳየችኝ። ግድግዳው ላይ ስስ ጥላሸት ነበረ። ብረት በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ የሠራው ሰው ጥፋት አይደለም። የዚያኑ ዕለት መጋጠሚያውን ቀየርኩ፤ ግንቡንም ላይና ታች ቦርቡሬ የአየር መግቢያና መውጫ አወጣሁለት፤ ያውም ድምፁ ሳይጨምር! ዘሃራ መጥታ አየችና «ወላሂ፣ እጅዎ ወርቅ ነው» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ግንቤን አስፈርሳኝ በዚያው አፏ እጄን አሞገሰችው። ሰው እንዲህ አድርጎ አዞኝ አያውቅም ነበር።

«ይሄ የጄኔሬተርና የከሰል ጭስ፣» ትል ነበር፣ «ሌባ እንኳ አይደለም፤ ሌባ ኮሽ ይላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስነጥስ። ሳያንኳኳ ይገባል፣ አስተኝቶህ ይወጣል።»

ማንኛውንም ጠርሙስ ስትከፍት አፍንጫዋን አታስጠጋም። ራቅ አድርጋ ትይዝና በመዳፏ፣ ዝንብ ወደራሷ እንደምትጠራ፣ ሽታውን ጥቂት ጥቂት ወደ ፊቷ ታመጣዋለች። እኛም ሳናውቀው ለመድን። ወጥ ቤቶቹ ወጥ ሲያሸቱ እንኳ እንደዚያ ማድረግ ጀመሩ።

አንድ ጊዜ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የእንግዳ መታጠቢያ ቤት አብልጬ ላንጣው ብላ በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ደባለቀችው። በሩን ዘግታ ስትፈትግ ትንፋሽ አጥሯት እየዳኸች ወጣች። ዘሃራ ንጹሕ አየር ላይ አስቀምጣ ካረጋጋቻትና ሐኪም ቤት ከላከቻት በኋላ የጽዳት ሴቶቹን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰበሰበች። የሚሰደቡ መስሏቸው አቀርቅረዋል።

«እናንተዬ» አለች፣ «ሁለት ጨዋ ሰዎች ተጋብተው ሽፍታ ሲወልዱ አላያችሁም?»

«አይተናል!» አለች አንዷ፤ ሳቅ ሆነ።

«በረኪና ጨዋ ነው። አሲድም ጨዋ ነው። በእናንተው ላሊበላ ይዣችኋለሁ፣ አታጋቡብኝ!»

ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ መታጠቢያ ቤት በገቡ ቁጥር ከኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ «አላጋባሁም!» እየተባባሉ ይጯጯሁ ነበር። እንግዶቹ ዘፈን ይመስላቸዋል።

ከኔ ጋር የተከራከርነው በኩራዝ ነው። ከሙጃ እስከዚህ ድረስ ስንት የውሃ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፤ ሰው ከመግባቱ በፊት ኩራዝ በገመድ አወርዳለሁ፤ እሳቱ ከጠፋ ማንም አይገባም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም። ዘሃራ እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ እስክጨርስ የሚያዳምጠኝ ሰው ብዙ አይደለም።

«ለውሃ ጉድጓድ ኩራዝዎ ሰው አትርፏል፤ አላህ ይስጥዎ» አለች። «ለሽንት ቤት ጉድጓድ ግን እንዳያወርዱብኝ። እዚያ ካለው አየር አንዱ ይነዳል፤ ኩራዙ ራሱ ያፈነዳዋል። ሌላው ደግሞ እሳቱን ሳያጠፋ ሰውየውን ያጠፋል።»

«እሱንማ አፍንጫዬ ይነግረኛል፤ እንደ ገማ እንቁላል ነው።»

«መጀመሪያ ላይ ይነግርዎታል። ሲበዛ ቀድሞ የሚገድለው አፍንጫዎን ነው። አያ ሞላ፣ እዚያ ውስጥ ሽታው ጠፋ ያሉ ጊዜ ማምለጫዎ አልቋል።»

ከርሞ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። ሦስት እግር ያለው፣ በላዩ መዘውርና ሽቦ ገመድ ያለው ብረት ይሥሩልኝ አለች።

«ለምን?»

«ሰው ከጉድጓድ ለማውጣት።»

«ሰውን ሰው ያወጣዋል» አልኳት።

«የሚገባውንስ ማን ያወጣዋል?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፋብሪካ ሳለች ያየችውን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ የቦታውን ስም ጠርታ አታውቅም። አንድ ሠራተኛ ጉድጓድ ወርዶ ወደቀ። ጓደኛው ጩኸት ሰምቶ ገባለት። የጓደኛውን ድምፅ ሲያጡ ሌላው ገባ። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻቸው እሷ ናት።

«የመጀመሪያውን ጋዙ ገደለው» አለችኝ። «የቀሩትን የገደላቸው መዋደዳቸው ነው። እኔ የምፈራው ለሚወድቀው አይደለም፣ አያ ሞላ። ለሚከተለው ነው።»

ያን ቀን ትከሻዋ አልሳቀም።

ሠራሁላት። ከውሃ መስመር የተረፈ ወፍራም ቱቦ ቆርጬ፣ በይጄ፣ ከወደቀ የግንባታ ማንሻ መዘውር ነቅዬ ገጠምኩበት። ብሬክ አለው፤ እጀታውን ብትለቀው እንኳ የተንጠለጠለው አይወርድም። እንዲህ ያለ ሥራ በላስታ የሚሠራ ሌላ ሰው ካለ አሳዩኝ። ዘሃራ ዙሪያውን ዞረችው፣ መታችው፣ ከዚያ ማንጠልጠያ ቀበቶውን ቀሚሷ ላይ አሠረችና «ስቀሉኝ» አለች።

«ምነው፣ ድንጋይ ሰቅለን አንሞክረውም?»

«ድንጋይ አይፈራም፤ እኔ እፈራለሁ። እኔን ከቻለ ላስታን በሙሉ ይችላል!»

እጀታውን አዞርኩ። ያቺ ግዙፍ ሴት ሻርፗ እየተውለበለበ ከመሬት ተነሥታ ግቢው መሐል ዥው አለች። ወጥ ቤቶቹ፣ አትክልተኞቹ፣ መልኬ፣ ሁሉም እየሳቀ መሬት ተቀመጠ። እሷ ከላይ ሆና «ሳቁ፣ ሳቁ! ግን እንዴት እንደሚዞር እዩ!» እያለች ትጮሃለች። ሁላችንም በየተራ እጀታውን እስክናዞር ድረስ አልወርድም አለች።

አሁን ወደዋናው ነገር ልግባ።

የገና በዓል ሊደርስ ነው። ተጓዡ ከየአገሩ እየጎረፈ ነው፤ ሆቴሉ ሞልቷል፤ የፍሳሽ ጉድጓዱም ሞልቷል። መጣጭ መኪናው ከወልድያ ሊመጣ ብሎ መንገድ ላይ ተበላሸ። ፍሳሹን በራሳችን ፓምፕ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ስናዛውር ግማሽ ላይ ፓምፑ ጨርቅ ጎርሶ ቆመ። ከላይ ሆነን በመንጠቆ ብንል፣ በገመድ ብንል አልወጣ አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ይመላለሳል። ዘሃራ «የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ሳትገዙልኝ ሰው አላስገባም» ብላ ብዙ ቆመች፤ በመጨረሻ በራሷ ሕግ ተስማማች። ክዳኖቹ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ይከፈቱ፣ ማራገቢያው በቱቦ ንጹሕ አየር ወደ ታች ይንፋ፣ የሚገባው ቀበቶ ይታጠቅ፣ መዘውሩ ላይ ሰው ይቁም። ፊቷ ግን አልፈታም፤ ልቧ እንዳልወደደው አይቻለሁ።

የሚገባው ታደሰ ሆነ። የጉድጓዱን ግንብ የሠራው እሱ ስለሆነ ውስጡን ያውቀዋል። መዘውሩ ላይ እኔ ቆምኩ። ሌላ ማንስ ሊቆም ነው?

ታደሰ ቀበቶውን ታጥቆ፣ ሽቦው ተያይዞለት በመሰላሉ ወረደ። ማራገቢያው ይጮሃል። ዘሃራ በየጊዜው «ታደሰ!» ትላለች፤ እሱ «አለሁ!» ይላል። ድንገት ማራገቢያው ዝም አለ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

«ውጣ!» አለች ዘሃራ ወዲያው። «ታደሰ፣ መብራት ሄዷል፣ ውጣ!»

«አንዴ ብቻ! እየመጣልኝ ነው!» አለ ከታች፤ ፓምፑን ሲጎትትና ዝቃጩ ሲንቦጫረቅ ይሰማናል። ከዚያ ድምፁ ደስ ብሎት መጣ፤ «ደግሞ አሁንማ ሽታውም ለቀቀኝ!»

ዘሃራ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሳበው!» ብላ ወደኔ ስትዞር እኔ ወደ ታች እያየሁ ነበር። ወንድሜ አልጮኸም፣ አልተንገዳገደም። እንደደከመው ሰው ጉልበቱን አጠፈና ቁጭ አለ፤ ራሱን ደረቱ ላይ ጣለ።

በኛ አገር ጩኸት ሲሰማ ይሮጣል። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ገደል ሲገባ፣ ከፊት የሮጠው ነው ወንድ የሚባለው። ቆሞ ያሰበው ስሙ ይወጣል፤ ስሙም ለልጆቹ ይተርፋል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ከፊት ያልሮጥኩበት ጩኸት የለም። እጀታውን ለቅቄ መሰላሉን ያዝኩ።

ዘሃራ በዚያ ውፍረቷ እንዴት እንደፈጠነች አላውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች። እግሮቿን በቀዳዳው ላይ ዘርግታ ዘጋችው፤ ሽቦው በእግሮቿ መካከል ይወርዳል። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላለች። ትከሻዋን ይዤ ልገፈትራት ስል ደረቴን በቡጢ መታችኝ።

«እጀታውን ያዝ!»

«ወንድሜ ነው! ልቀቂኝ!»

«ወንድምህ ሽቦው ላይ ነው! እዚህ ገብተህ ልትታቀፈው ነው? ያዝ!»

ሰው ተሰብስቧል። «ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ወንድሙ እየሞተ ሴት ትከለክለው?» ይላል አንዱ። መልኬ ነጠላውን ጥሎ ከወዲያ በኩል ሊዘል መጣ፤ እሱንም በጫማዋ መታችው። ደግሞ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«በላሊበላ ይዤሃለሁ፣ ሞላ! በገዛ እጅህ የሠራኸው ብረት ነው! አዙረው!»

አዞርኩት። እንዴት እንዳዞርኩት አላስታውስም፤ ሽቦው ሲወጠር፣ ብረቱ ሲያቃስት፣ ብሬኩ ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ትዝ ይለኛል። ዘሃራ እግሮቿን ሰብስባ ስትነሣ የታደሰ ራስ ብቅ አለ። ተረባርበን ነፋሱ ወደሚመጣበት ራቅ አድርገን አስተኛነው። እሷ ልብሱን ቀድዳ፣ አፉን ጠርጋ፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆየች። «አለ» አለች። «አለ! ባጃጅ!» ሐኪም ቤት ኦክስጅን አድርገውለት ሰነበተ።

ይህን ሲሰማ አንባቢ ነገሩ በደስታ አለቀ ይል ይሆናል። አላለቀም። ታደሰ በደንብ ዓይኑን የገለጠ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ሰዎች ነግረውታል።

«አንተ የት ነበርክ?» አለኝ።

«እላይ። መዘውሩ ላይ።»

«እላይ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከተማውም አልተኛም። ጠላ ቤት ስገባ «ሞላ፣ ዛሬስ ማንን ቀዳህ?» ይሉኛል። ወንድሙን እንደ ውሃ ባልዲ የቀዳው ሞላ! እኔ፣ በከተማው ፊት አንገቴን ደፍቼ የማላውቅ ሰው፣ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

ዘሃራ ይህን ሰማች። የታደሰ ሚስት ውዴ ሐኪም ቤት በር ላይ ጉልበቷን ልትስም ስትወድቅ «ተነሺ፣ የሞላን ብረት ሳሚ፤ እሱ ነው ያወጣው» አለቻትና ገባች። ራሷም ያን ሰሞን ትስል ነበር፤ ከሁላችን ለዚያ አየር የቀረበችው እሷ ናት። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ታደሰ፣ እናታችሁ ስንት ወንድ ልጅ አላት?»

«ሁለት።»

«ያን ቀን ጠዋትስ?»

«ሁለት።»

«አብሽር እንግዲህ፣ አይዞህ» አለች።

ታደሰ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። እሷም አልጨቀጨቀችውም። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና «አያ ሞላ፣ ያን ቀን አንተ ብዬዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። ደረቴን በቡጢ በመምታቷ ይቅርታ አልጠየቀችም። ለሱ ልትጠይቅም አይገባም።

«ይጠሉኛል እኮ፣ ዘሃራ» አልኳት።

«እኔንም ይጠሉኛል። ሰው ከሞት ሲተርፍ የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል። እንቻለው።»

እኔ ብዙ ነገር ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ያንን ግን እሷ ናት ያስተማረችኝ። ስድብን ችሎ መቆም። ቀስ በቀስም የከተማው ወሬ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ከሁሉ በፊት ስድቡን የተወው መልኬ ነው፤ እሱ ሁለት ጊዜ ያተረፈችው ሰው ነው። ታደሰ ተሻለው፣ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ከኔ ጋርም ይሠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ያንን ቀን ግን በመካከላችን አንሥቶት አያውቅም። እኔም አላነሣሁበትም።

ከዚያ የቱሪስቱ ክፉ ዘመን መጣ፣ ሆቴሉ ጭር አለ፣ ዘሃራ ወደ አገሯ ተመለሰች። መንገዱ ሲዘጋም ሲከፈትም ስልኳ አልተቋረጠም። በገናና በጥምቀት እሷ ትደውላለች፤ በዒድ እኔ እደውላለሁ። «ኩራዝዎ አለ?» ትለኛለች። «ብረቴን ሰው ሁሉ እየተዋሰው ነው» እላታለሁ፤ ውሸት አይደለም፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ ዛሬ መጀመሪያ የሚመጣው ወደኔ ነው፤ እኔም ቀበቶውን ሳይታጠቅ ማንንም አላስገባም። ትስቃለች፤ በስልክም ቢሆን ትከሻዋ ይታየኛል። ለታደሰ ስልኩን ስሰጠው «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብሎ ይመልስልኛል።

ሐይቅ ስንደርስ ተቀብራ ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ሰዓዳ ስታየን ተነሥታ አንገታችን ላይ ተጠመጠመችና ወደ ወንዶቹ ወሰደችን። ጫማችንን አውልቀን ተቀመጥን። የዘሃራ አጎት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሲቆጥሩት የነበረውን መቁጠሪያ አሳርፈው አዩን።

«ከላሊበላ ድረስ? አላህ ያክብራችሁ። ምኗ ናችሁ?» አሉ።

እንዲህ ያለ ጊዜ የምናገረው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁት ንግግር አለኝ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ታደሰ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ ተነሣ። ታደሰ በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር በሠርጉ ቀን እንኳ አላየሁትም።

«እኔ ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ ነበር» አለ። «እሷ ናት ያስወጣችኝ። ለሱ ቀድሜ አመስግኛታለሁ፤ ሚስቴም አመስግናታለች።» ወደኔ ጠቆመ። «ወንድሜ ሊገባልኝ ነበር፤ አላስገባችውም። ለምን አልገባልኝም ብዬ ብዙ ዘመን በሆዴ ይዤበት ኖርኩ። አምና እናታችን ሞተች። ቃሬዛውን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተሸከምናት። ዳገቱ ላይ ጀርባውን እያየሁ ሄድኩ። ለምን እንዳላስገባችው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህችን ሴት ልነግራት ይገባ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቀደመችኝ። ይህንኑ ልናገር ነው የመጣሁት።»

ተቀመጠ።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሡ። «ሰምታሃለች፣ ልጄ። አላህ ይዘንላት» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ።

«አንቱስ?»

«እኔ ወንድሙ ነኝ» አልኩ።